ስለ ማንኮራፋትና በእንቅልፍ ጊዜ ስለሚቋረጥ ትንፋሽ

ከአሶሳ ከተማ አንዲት የተከበሩ ወይዘሮ ለዚህ ገጽ አንድ ደብዳቤ ልከውልናል። የደብዳቤውን መጀመሪያ ባነበብን ጊዜ ሣቅ መጥቶብን ነበር፤ እስከ መጨረሻው ባነበብነው ጊዜ ግን ሣቃችን ራሱ አሳፈረን። ወይዘሮዋ የጻፉት ስለ ባለቤታቸው ማንኮራፋት ነው።

ባለቤታቸው ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት ያለፈ፣ በመንግሥት ሥራ ላይ ያሉ፣ አካላቸው የገዘፈ፣ አንገታቸውም የወፈረ ሰው ናቸው። ሌሊት ሲያንኮራፉ ድምፃቸው ከግድግዳ አልፎ ለጎረቤት ይሰማል። ወይዘሮዋን ያስጨነቃቸው ግን ድምፁ ሳይሆን ዝምታው ነው። ማንኮራፋቱ በድንገት ቀጥ ይላል፤ ደረታቸው ሲታገል ይታያል፤ አየር ግን አይገባም። ወይዘሮዋ በልባቸው እየቈጠሩ 20፣ አንዳንድ ጊዜም 30 ሲደርሱ፣ ሰውዬው ታንቆ እንደ ተለቀቀ ሰው በታላቅ ድምፅ አየር ይስቡና እንደገና ያንኮራፋሉ። ጧት ሲነሡ ራሳቸውን ያማቸዋል፤ አፋቸው ደርቆ ያድራል፤ በስብሰባ ላይ እንደ ተቀመጡ ያንቀላፋሉ። በቅርቡም መኪናቸውን ራሳቸው እየነዱ ከባምባሲ ወደ አሶሳ ሲመለሱ እንቅልፍ ወስዷቸው መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ከማንጎ ዛፍ ጋር ሳይጋጭ ለጥቂት ተርፈዋል።

ዘመዶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ምክር አምጥተዋል። ሽማግሌዎቹ «ዱካክ ነው» ይላሉ። አንዲት ጎረቤት «እንጥላቸው ይቈረጥ» ብለዋል። በአሜሪካ የሚኖረው የወይዘሮዋ ወንድም «ያገለገለ የመተንፈሻ መሣሪያ አግኝቻለሁና ልላክላችሁ» ብሎ በስልክ ነግሯቸዋል። ባለቤታቸው ደግሞ «ደክሞት የሚያድር ሰው ሁሉ ያንኮራፋል፤ ይህም በሽታ ተብሎ ይወራልን?» ብለው ነገሩን ይንቁታል። ወይዘሮዋ ለሴት ልጃቸው ትምህርት ያስቀመጡት ጥቂት ገንዘብ አላቸው። «ይህን ገንዘብ አንሥተን አዲስ አበባ ብንሄድ ስንት ይፈጅብናል? መሣሪያውንስ ልቀበል ወይስ ይቅር? ገንዘቡም ባሌም ሁለቱም እንዳያመልጡኝ እፈራለሁ» ሲሉ ይጠይቁናል።

እኛ ሐኪሞች አይደለንም፤ በዚህ ገጽ የምንጽፈውም የሐኪምን ምርመራ የሚተካ አይደለም። ሆኖም እንደዚህ ያለው ጭንቀት በብዙ ቤት ያለ ስለ ሆነና ባለቤቶቹም እያፈሩ የሚደብቁት ስለ ሆነ፣ ለወይዘሮዋ የምንሰጠውን መልስ አንባቢዎቻችን ሁሉ ቢያነቡት ይጠቅማል ብለን አሰብን።

ይህ ደዌ በባሕር ማዶ ሊቃውንት ዘንድ ስሊፕ አፕኒያ ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቋረጥ ማለት ነው። ሰው ሲተኛ የጉሮሮው ጡንቻዎች ይላላሉ። ጉሮሮው ከተፈጥሮው የጠበበ፣ ወይም በስብ የተከበበ፣ ወይም ምላሱ ወደ ኋላ የሚወድቅ የሆነ እንደ ሆነ የአየሩ መንገድ እንደ እርጥብ ከረጢት ተጣብቆ ይዘጋል። ማንኮራፋት የሚባለው አየሩ በጠበበው መንገድ ሲያልፍ ሥጋው የሚያሰማው ድምፅ ነው፤ ዝምታው ደግሞ መንገዱ ፈጽሞ የተዘጋበት ሰዓት ነው። በዚያን ጊዜ በደም ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ይቀንሳል፤ አንጎልም ደንግጦ ሰውነቱን ለቅጽበት ያነቃዋል፤ ጉሮሮው ይከፈታል፤ ሰውዬውም ሳይታወቀው ተመልሶ ይተኛል። ይህ በአንድ ሌሊት መቶ ጊዜ፣ ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስምንት ሰዓት የተኛ ሰው ምንም እንዳልተኛ ሆኖ ይነሣል። በየጊዜው የሚደነግጠው ልብም የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። በመድኃኒት አልወርድ ያለ የደም ግፊት ባለባቸው ሰዎች ዘንድ ይህ በሽታ በብዛት ይገኛል።

በሽታው አዲስ ባይሆንም ዕውቀቱ አዲስ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. በፈረንሳይና በጀርመን የነበሩ ሐኪሞች የተኙ በሽተኞችን በመሣሪያ ሲመረምሩ የትንፋሹን መዘጋት አስተዋሉ። በ1976 ዓ.ም. በአሜሪካ በስታንፎርድ ይሠሩ የነበሩት ፈረንሳዊው ሐኪም ክርስቲያን ጊልሚኖና ባልደረቦቻቸው ዛሬ የሚጠራበትን ስም ሰጡት። በ2019 ዓ.ም. ላንሴት ረስፒራቶሪ ሜዲስን በሚባለው የሐኪሞች መጽሔት የወጣ አንድ ስሌት በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 69 ዓመት ከሆኑት ሰዎች መካከል ከ900 ሚሊዮን የሚበልጡት ቀላልም ይሁን ከባድ ይህ ችግር እንዳለባቸው ገምቷል። እንግዲህ የአሶሳው ሹም ብቻቸውን አይደሉም።

«ዱካክ ነው» ላሉት ሽማግሌዎች የምንመልሰው በአክብሮት ነው። አባቶቻችን ሌሊት ደረት ተጭኖ ትንፋሽ ሲያጥር ያዩትን ነገር በዚህ ስም መጥራታቸው ማስተዋላቸውን ያሳያል፤ ያዩት ነገር እውነት ነበርና። ነገር ግን ዱካክ የሚባለው ብዙውን ጊዜ ሰው ነቅቶ ሳለ ሰውነቱ አልታዘዝ የሚለው ሁኔታ ሲሆን፣ ሰውዬው ራሱ ጧት ያስታውሰዋል። የትንፋሽ መቋረጥ ያለበት ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያስታውስም፤ የሚያውቀው አጠገቡ የተኛው ሰው ነው። በዚህ በሽታ የመጀመሪያው ሐኪም ሚስት ወይም ባል ናቸው ብንል ማጋነን አይሆንም።

እንጥል ይቈረጥ ላሉት ጎረቤት ግን መልሳችን ጠንከር ያለ ነው። በአገራችን በብዙ ስፍራ እንጥል መቍረጥ፣ በተለይም በሕፃናት ላይ፣ የቆየ ልማድ እንደ ሆነ ይታወቃል። በንጹሕ ባልሆነ ስለት የተደረገ እንደ ሆነ ደም ያፈሳል፤ ቁስሉ ይመረቅዛል፤ ለሞትም ያደርሳል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በሕፃናት ሕይወትና አካል ላይ ጉዳት የሚያደርሱ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን የሚቀጣ ነው። ከዚህም ሌላ ለዚህ በሽታ አይበጅም። መንገዱ የሚዘጋው በእንጥል ብቻ ሳይሆን በምላስ ሥርና በጉሮሮ ግድግዳ ጭምር ነው፤ እንጥል ቢወገድ ድምፁ ቀንሶ መታፈኑ እንዳለ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ያለው ነገር ከፊተኛው ይብሳል እንላለን፤ የሚያስጠነቅቀው ድምፅ ጠፍቶ አደጋው ቤት ውስጥ ይቀመጣልና።

አሁን ወደ ወጪው እንምጣ። ወይዘሮ ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሞ አንዲት ሳንቲም የማያስወጣ ሥራ አለ። ባለቤትዎ በተኙ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሰዓት ግድም ስልክዎን አጠገባቸው አድርገው ለአንድ ሰዓት ያህል ድምፃቸውን ይቅዱ። ከ10 ሰከንድ የሚበልጠውን እያንዳንዱን ዝምታ ቈጥረው በወረቀት ይጻፉ። ሐኪሞች በሽታውን የሚመዝኑት በአንድ ሰዓት ውስጥ ትንፋሹ በተቋረጠበትና እጅግ በቀነሰበት ቍጥር ነው፤ ከ5 እስከ 15 ያለው ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 ያለው መካከለኛ፣ 30ና ከዚያ በላይ የሆነው ከባድ ይባላል። በጆሮ የሚቈጠረው ከእውነተኛው ያነሰ ነው፤ ትንፋሹ ሳይቆም የሚያንስበትን ጊዜ ጆሮ አይለየውምና። ቢሆንም ለሐኪሙ ትልቅ ምስክር ይሆናል። ደግሞ በአውስትራልያ ሐኪሙ መሪ ጆንስ በ1991 ዓ.ም. ያወጡት የእንቅልፋምነት መመዘኛ አለ። ስምንት ጥያቄዎች አሉት፤ ተቀምጦ ሲያነቡ፣ በመኪና ተሳፍረው ሲሄዱ፣ ከምሳ በኋላ ጸጥ ብለው ሲቀመጡና በመሳሰለው ጊዜ ምን ያህል እንቅልፍ እንደሚጥል ይጠይቃል፤ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል። ከ24 ነጥብ ከ10 በላይ ያገኘ ሰው ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ሁለተኛው እርምጃ እዚያው በአሶሳ የሚፈጸም ነው። በአሶሳ ሆስፒታል የደም ግፊታቸው፣ ስኳራቸው፣ ክብደታቸውና የአንገታቸው ዙሪያ ይለካ፤ አፍንጫቸውና ጉሮሯቸው ይታይ፤ የእንቅርት ዕጢ ጉድለት እንዳለም ይመርመር፤ ይህ ጉድለት ራሱ ማንኮራፋትን ያመጣልና። ምናልባት በጣት ላይ የምትደረገውን የኦክሲጅን መለኪያ አድርገው ቀን 96 ወይም 97 ቢያገኙ «ደኅና ነዎት» የሚል ቢኖር በዚህ ብቻ አይጽናኑ። ነቅቶ የተቀመጠ ሰው ኦክሲጅን ሙሉ ነው፤ ጉዳዩ የሌሊቱ ነው። የሚጠቅመው ሌሊቱን ሙሉ እየለካ የሚመዘግበው ዓይነት ነው። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ የሚያስተላልፍ ወረቀት ከሆስፒታሉ ይቀበሉ። ያለ ወረቀት የሄደ ሰው በየበሩ ሲንከራተት ቀኑም ገንዘቡም ያልቃል።

አሶሳ ከአዲስ አበባ በነቀምቴ መንገድ 660 ኪሎ ሜትር ግድም ይርቃል። ከእርሳቸው ሌላ የአስታማሚ መሳፈሪያ፣ ማደሪያና ምግብ አለ፤ ቀጠሮው ሲራዘም ሁሉም ይደገማል። በዚህ ምክንያት ከሕክምናው ይልቅ ጕዞው የሚበልጥ ወጪ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ የደም ምርመራውን፣ የደም ግፊቱንና የስልኩን ድምፅ አሟልተው አንድ ጊዜ መሄድ ሁለት ጊዜ ከመመላለስ ያድናል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሳንባ ሕክምና ክፍል አለ፤ በዚያ ሆስፒታል ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች በሳንባና በጽኑ ሕሙማን ሕክምና በአገራቸው መሠልጠን ከጀመሩ ከ10 ዓመት በላይ ሆኗል። በዚያም ሆነ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የአንገት በላይ ሐኪሞች ይገኛሉ። የሌሊቱ ምርመራ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በሐኪም ቤት አድሮ የአንጎል፣ የልብና የትንፋሽ ሞገድ በብዙ ሽቦ የሚመዘገብበት ነው፤ ይህም በአሜሪካ ከ1000 እስከ 3000 ዶላር፣ አልፎም ይጠየቅበታል። ሁለተኛው ትንሽ መሣሪያ ታጥቀው በማደሪያ የሚተኙበት ሲሆን፣ በዚያው አገር ከ150 እስከ 500 ዶላር ይደርሳል። የልብ ድካም ወይም ከባድ የሳንባ በሽታ ለሌለበት፣ ምልክቱም እንደ ባለቤትዎ ግልጥ ለሆነ ሰው ሁለተኛው ይበቃል። በአዲስ አበባ ሲጠይቁም «የቤቱ ዓይነት አለን?» ብለው አስቀድመው ዋጋውን በስልክ ይጠይቁ፤ ዋጋ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ምርመራው እስኪደርስ ድረስ የሚደረግ ነገር አለ፤ ዋጋውም ጥቂት ነው። በጀርባ የተኛ ሰው ምላሱ ወደ ጉሮሮው ስለሚወድቅ በጎን መተኛት ለብዙ ሰው መታፈኑን ይቀንስለታል። በባሕር ማዶ ሰዎች በሌሊት ልብስ ጀርባ ላይ ኪስ ሰፍተው የቴኒስ ኳስ ይከቱበታል፤ ሰውዬው ሲገለበጥ ኳሱ ይጐረብጠውና ወደ ጎኑ ይመለሳል። የቴኒስ ኳስ ካልተገኘ የልጆቹ የጨርቅ ኳስ ይህን ሥራ ይሠራል። ማታ ማታ ጠላ፣ ጠጅና አረቄ ይቅር፤ መጠጥ ጡንቻን አላልቶ መታፈኑን ያራዝመዋል። የእንቅልፍ ክኒን ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም። ቀን እንቅልፍ እንዳይጥላቸው ጫት የሚቅሙም አሉ፤ ይህ የሌሊቱን እንቅልፍ ጨርሶ ያበላሸዋል እንጂ ጉሮሮውን አይከፍትም። ክብደትን በተመለከተ በአሜሪካ በዊስኮንሲን የተደረገና በ2000 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ከክብደቱ ከመቶ 10 እጅ የቀነሰ ሰው የትንፋሹ መቋረጥ በአራተኛ ግድም እንደሚቀንስለት አሳይቷል። 100 ኪሎ የሚመዝን ሰው 10 ኪሎ መቀነስ ማለት ነው፤ በአንድ ወር አይሆንም፤ በዓመት ግን ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ባለቤትዎ ታክመው ሐኪም እስኪፈቅድላቸው ድረስ መኪና አይንዱ። ይህን በማመንታት አንናገርም። ይህ በሽታ ያለበትና ያልታከመ ነጂ ከሌላው ሰው ይልቅ አደጋ የማድረስ ዕድሉ ከእጥፍ በላይ እንደ ሆነ ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው አስረድተዋል። የባምባሲው ማንጎ ዛፍ በሕፃን ልጅ ስፍራ ቆሞ እንደ ነበረ ይቍጠሩት። የመሥሪያ ቤት ሾፌር ያላቸው ሹማምንትም የሾፌራቸውን እንቅልፍ ቢጠይቁ መልካም ነው፤ እርሱ እንደሚያንኮራፋ የሚነግራቸው ሰው የለምና።

እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር እናግባ። በ2006 ዓ.ም. የእንግሊዝ ሐኪሞች መጽሔት ከስዊስ አገር የመጣ አንድ ጥናት አተመ። 25 በሽተኞች ተመርጠው ግማሽ ያህሉ የአውስትራልያ ጥንታውያን ሕዝቦች የሚነፉትን ዲጀሪዱ የተባለ ረጅም የእንጨት መለከት ለአራት ወር እንዲነፉ ተደረገ። እነዚህ ከሌሎቹ ይልቅ የቀን እንቅልፋቸውም የሌሊት መታፈናቸውም ቀነሰ፤ መንፋቱ የጉሮሮን ጡንቻ ስለሚያጠነክር ነው ተባለ። ይህን ስናነብ ወዲያው ትዝ ያለን በቤኒሻንጉል የበርታ ሰዎች በኅብረት ሆነው የሚነፉት ዙምባራ ነው። ዙምባራ ለዚህ በሽታ ተፈትኖ ያስገኘው ውጤት የለም፤ አነፋፉም ከዲጀሪዱ ይለያል፤ በዲጀሪዱ ነፊው ትንፋሹን ሳያቋርጥ በአፍንጫው እየሳበ በአፉ ይነፋል፤ በዙምባራ ግን እያንዳንዱ ሰው ተራውን ጠብቆ ድምፁን ይሰጣል። ሆኖም የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ መምህራን የሚመራመሩበት ነገር ቢሹ ከደጃቸው ያለው ይህ ነው። ለጊዜው ግን ከባድ በሽታ ያለበት ሰው በመለከት አይታከምም።

ዋናው ሕክምና በጉሮሮ ውስጥ አየር እየገፋ መንገዱ እንዳይዘጋ የሚያደርገው መሣሪያ ነው፤ ሲፓፕ ይሉታል። ከእርሱ በፊት ለከባድ በሽተኛ የነበረው መፍትሔ አንገትን በስቶ ቧንቧ ማስገባት ብቻ ነበር። በ1980 ዓ.ም. በሲድኒ ከተማ ሐኪሙ ኮሊን ሱሊቫን የቤት አቧራ መጥረጊያ ማሽንን ሞተር ወስደው አየሩን በቧንቧ ወደ በሽተኛው አፍንጫ እንዲገፋ አደረጉት፤ አንገቱ ሊበሳ የነበረው ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሳይታፈን ተኛ። በ1981 ዓ.ም. የአምስት በሽተኞችን ውጤት አሳተሙ። ዛሬ መሣሪያው ከመጽሐፍ ብዙ የማይተልቅ ሆኗል።

ዋጋው በአሜሪካ ከ500 እስከ 1000 ዶላር ነው። የፊት ጭምብሉ ለብቻው ከ50 እስከ 200 ዶላር ሲያወጣ፣ በየጊዜው መለወጥ ያስፈልገዋል፤ ሰዎች መሣሪያውን ገዝተው ይህን የሚረሱት ነው። በእኛ ገንዘብ ሲመነዘር ነገሩ ይከብዳል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪን በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ግድም ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። በፊት 34000 ብር ግድም ይሆን የነበረው የ600 ዶላር መሣሪያ እንግዲህ ከ60000 ብር በላይ ነው ማለት ነው። ዘመድ ከባሕር ማዶ የላከው መሣሪያ ትልቅ ስጦታ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገር ግን፣ ወይዘሮ ሆይ፤ ወንድምዎ ከመላኩ በፊት ጥቂት ነገር ይጠይቁት። መጀመሪያ የመሣሪያውን ስምና በስተግርጌው ያለውን ቍጥር ፎቶግራፍ አንሥቶ ይላክልዎ። ፊሊፕስ የተባለው ኩባንያ በሰኔ ወር 2021 በፈረንጆች አቆጣጠር፣ በመሣሪያው ውስጥ ያለው ድምፅ የሚያፍነው ስፖንጅ እየተበጣጠሰ ከአየሩ ጋር ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል፣ የመጀመሪያውን ድሪምስቴሽን ጨምሮ በሚሊዮን የሚቈጠሩ መሣሪያዎቹን መልሶ ጠርቷል። ከዚያ ወዲህ በርካሽ የሚሸጠው ወይም በነፃ የሚሰጠው ያገለገለ መሣሪያ ከእነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ከሆነ ይቅር። ሁለተኛ፣ ጭምብሉና ቧንቧው አዲስ ይሁን፤ የሰው ጭምብል አይወረስም። ሦስተኛ፣ የአየሩ ግፊት የተስተካከለው ለቀድሞው ባለቤት ነው። ግፊቱ ከ4 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የውኃ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ለአንዱ የሚበቃው ለሌላው አይበቃም። በሐኪም ተስተካክሎ ካልሆነ፣ ወይም ራሱ እየለካ የሚያስተካክለው ዓይነት ካልሆነ፣ መሣሪያው ይነፋል እንጂ አያክምም። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ቮልት የእኛ 220 ቮልት ስለ ሆነም በገመዱ ጡብ ላይ «100–240» የሚል ጽሕፈት መኖሩን ይመልከት። የሐኪም ማዘዣ ከመሣሪያው ጋር ቢመጣ በጉምሩክ ዘንድ ከብዙ ጥያቄ ያድናል።

ስለ መብራት ደግሞ ማሰብ ግድ ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የሚገኘው በዚሁ ክልል በመተከል ዞን በጉባ ወረዳ ሲሆን፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የተሠራውም 5150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ነው። ሆኖም የኃይል ምንጭ ያለበት ክልል መኖር የቤት መብራት ሌሊት እንዳይጠፋ ዋስ አይሆንም፤ ሲፓፕ ደግሞ መብራት በጠፋ ቅጽበት ይቆማል። መፍትሔው ባትሪ ነው። መሣሪያው አየሩን የሚያሞቀውና የሚያረጥበው ክፍል ከተዘጋ 40 ዋት ግድም ይወስዳል፤ በስምንት ሰዓት 320 ዋት ሰዓት ይሆናል። ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የፀሐይ ባትሪ፣ እንዳይጐዳ ግማሹን ብቻ ቢጠቀሙበት፣ 600 ዋት ሰዓት ይሰጣልና አንዱን ሌሊት በደኅና አሳድሮ ይተርፋል። አንዳንዱ መሣሪያ 12፣ አንዳንዱ 24 ቮልት ስለሚሻ ትክክለኛውን ማገናኛ ወንድምዎ አብሮ ይላክ፤ ያለ እርሱ ባትሪው ለከንቱ ነው።

በማርጠቢያው ውስጥ የሚጨመረው ንጹሕ የተጣራ ውኃ ነው። ለመኪና ባትሪ ተብሎ የሚሸጠው አሲድ የተቀላቀለበት ሊሆን ስለሚችል በምንም ምክንያት አይጨመር፤ የተጣራው ካልተገኘ ተፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ይሁን፤ በየቀኑም ይለወጥ። በበጋ ሣር በሚቃጠልበት ወራት ጢስና አቧራ ስለሚበዛ የአየሩ ማጣሪያ በየሳምንቱ ይታይ። ወባ ባለበት አገር አጎበር አይቀርምና ቧንቧው በአጎበሩ ሥር እንዲገባ፣ ጠርዙም ከፍራሹ በታች እንዲታጠፍ ያድርጉ።

የቀሩትን ሕክምናዎች በአጭሩ እንናገር። በሽታው ቀላል ወይም መካከለኛ ለሆነና መሣሪያውን መልመድ ላቃተው ሰው የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት ስቦ የሚይዝ የጥርስ ቅርጽ አለ፤ በጥርስ ሐኪም ልክ ተወስዶ ሲሠራ በአሜሪካ ከ1500 እስከ 3000 ዶላር ይደርሳል፤ ጤናማ ጥርስም ይሻል። የጉሮሮ ቀዶ ሕክምና ቶንሲሉ ላበጠ ሰው ይጠቅማል፤ ለሌላው ውጤቱ እርግጠኛ አይደለም። የምላስን ነርቭ በኤሌክትሪክ የሚያነቃ በደረት ሥር የሚቀበር መሣሪያ በ2014 ዓ.ም. በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ ዋጋው ከ30000 ዶላር በላይ ስለ ሆነ እናልፈዋለን። በታኅሣሥ ወር 2024 በፈረንጆች አቆጣጠር ደግሞ የአሜሪካ የመድኃኒት መሥሪያ ቤት ቲርዜፓታይድ የተባለውን በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወጋ መድኃኒት ከመጠን በላይ ለወፈሩና መካከለኛ ወይም ከባድ የትንፋሽ መቋረጥ ላለባቸው ሰዎች ፈቅዷል። ለ52 ሳምንት በተደረገው ፈተና በሰዓት ከ25 እስከ 29 የሚሆን መታፈን ቀንሷል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በአሜሪካ ለሽያጭ ሲቀርብ የወር ዋጋው ከ1000 ዶላር በላይ ነበር፤ ሲቋረጥ ክብደቱ ይመለሳል፤ በማቀዝቀዣ ካልተቀመጠም ይበላሻል። በሞቃት አገር መብራት በሚቋረጥበት ቤት ለሚኖር ሰው ገና የሩቅ መድኃኒት ነው።

እንግዲህ ገንዘቡን ያንሡ ወይስ አያንሡ? የመሰለንን በግልጥ እንናገራለን። መሣሪያው የልብ ድካምንና ድንገተኛ ሞትን ሁሉ ያስቀራል ብለን አንሸነግልዎትም። በ2016 ዓ.ም. የታተመ፣ የልብና የአንጎል ደም ሥር ሕመም ባለባቸው 2717 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት መሣሪያው እንደገና የልብ አደጋ እንዳይመጣ መከልከሉን አላሳየም፤ ሰዎቹ ግን በአማካይ በሌሊት ከሦስት ሰዓት ብዙም አላለፉም ነበር። የቀን እንቅልፋቸው ግን ቀንሷል፤ መንፈሳቸውም ተሻሽሏል። ለባለቤትዎ የሚያስፈልጋቸውም ይኸው ነው፤ በስብሰባ ነቅተው እንዲቀመጡ፣ በመንገድም ሰው እንዳይገድሉ። ስለዚህ ለምርመራው የሚሆነውን ያህል ብቻ ከልጅዎ ገንዘብ ያንሡ። መሣሪያውን ከወንድምዎ ይቀበሉ፤ ይኸውም የፎቶግራፉ ቍጥር ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ነው። ካልሆነ በአንድ ጊዜ ከመግዛት ይልቅ ለአንድ ወር የሚያከራይ ወይም የሚያስሞክር ካለ ይጠይቁ፤ ከገዙት ሰዎች ብዙዎቹ ጭምብሉን ጠልተው ሣጥን ውስጥ ይከቱታልና፤ ከመግዛት በፊት መልመዳቸው ይታወቅ።

መልመዱ ከባድ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ቀን ቀን ቁጭ ብለው ዜና ሲሰሙ ለግማሽ ሰዓት ያድርጉት፤ ከዚያ በቀን እንቅልፍ፤ ከዚያ በሌሊት። ጭምብሉ ጎን ለጎን አየር ካፈሰሰ ማሰሪያውን ማጥበቅ ሳይሆን ልኩን መለወጥ ነው። በሌሊት አውልቀው ቢጥሉትም አይቈጡ፤ መልሰው ያድርጉላቸው።

ባለቤትዎ «በሽታ አይደለም» ማለታቸውን ካልተዉ፣ በስልክ የቀዱትን ድምፅ ከቍርስ በኋላ ብቻቸውን ሳሉ ያሰሟቸው። ዘመድ በተሰበሰበበት አይሁን፤ ሹም ሰው በሰው ፊት ካፈረ አይሰማም። ድምፁን አሰምተው ዝም ይበሉ፤ ሠላሳውን ሰከንድ እርሳቸው ይቍጠሩ።

ስለ ሕፃናት ማንኮራፋትና ስለ ቶንሲል ከሌሎች አንባቢዎች የደረሱንን ጥያቄዎች በሚመጣው ሳምንት በዚሁ ገጽ እንመልሳለን።